ከሳሁ፣ መልሼ ወፈርኩ፤ ጥፋቱ የማን ነው?

«የ38 ዓመት ሴት ነኝ። ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ክብደቴ 91 ኪሎ ደርሶ ነበር። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እየበላሁ በሰባት ወር ውስጥ 76 ኪሎ ገባሁ፤ ያየኝ ሁሉ አመሰገነኝ። ከዚያ በኋላ ግን ረሃቡ አላስቀምጥ አለኝ፤ ሌሊት ተነሥቼ መሶብ እስከ መክፈት ደረስኩ። ዛሬ 94 ኪሎ ነኝ። ባለቤቴ ‹አፍሽን መግዛት አቃተሽ› ይለኛል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ክብደትን የሚወስኑት የአንጎል ሴሎች ናቸው የሚል ነገር አንብባ ‹እንግዲያው ተይው፣ ምንም ማድረግ አይቻልም› አለችኝ። የባለቤቴ ወንድም ጫት ብቅም እንደምከሳ ይመክረኛል። በማኅበራዊ ሚዲያ የማክሻ መርፌ የሚሸጥ ሰውም አግኝቻለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጄም እንደ እኔ እየወፈረች ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው? ምን ላድርግ?» — ሰ.፣ ከጅማ

ውድ እህቴ፣

ነገሩን ለማለዘብ ብዬ ሁሉም በየፊናው ትክክል ነው አልልዎትም። ባለቤትዎ ተሳስተዋል። ባልደረባዎ ደግሞ የያዘችው መነሻ እውነት ሲሆን የደረሰችበት መደምደሚያ ግን እውነት አይደለም። ከ76 ኪሎ በኋላ የመጣብዎት ረሃብ የሆዳምነት ወይም የስንፍና ምልክት ሳይሆን፣ አንጎል የጎደለበትን ስብ ለማስመለስ የሚሠራው፣ ክብደት በቀነሰ በአብዛኛው ሰው ላይ የሚታይ ሥራ ነው። ይህን ሥራ በውል ማወቅ የሚጠቅመው እጅ አጣጥፎ ለመቀመጥ ሳይሆን የማያዋጣውን መንገድ ትቶ የሚያዋጣውን ለመምረጥ ነው። ስለዚህ ምክሩን ከመስጠቴ በፊት ስለ ሴሎቹ ትንሽ ረዘም አድርጌ እጽፍልዎታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአንጎላችን ግርጌ፣ ከዓይኖቻችን ኋላ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ሃይፖታላመስ የሚባል ክፍል አለ። መላው አንጎል 1 ነጥብ 4 ኪሎ ገደማ ሲመዝን የዚህ ክፍል ድርሻ 4 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ የሰውነት ሙቀትን፣ ጥምን፣ እንቅልፍንና ረሃብን ከሚያስተዳድሩት ዋነኛው እሱ ነው። በ1940 ሄዘሪንግተንና ራንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ በአይጦች ሃይፖታላመስ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቦታ ሲያበላሹ አይጦቹ ከልክ በላይ መወፈራቸውን አሳዩ። ከ11 ዓመት በኋላ አናንድና ብሮቤክ ከዚያው ጎን ያለ ሌላ ቦታ ሲጎዳ አይጦቹ ምግብ ፊታቸው ተቀምጦ እንኳ መብላት እንደሚያቆሙ አስመሰከሩ። በሁለቱም ጊዜ የአይጦቹ መኖሪያም ሆነ የሚቀርብላቸው ምግብ አልተለወጠም፤ የተለወጡት ጥቂት ሴሎች ነበሩ።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ አንጎል በሰውነት ውስጥ ምን ያህል ስብ እንደ ተከማቸ በምን ያውቃል የሚለው ነው። የመልሱ ጫፍ የተያዘው በአሜሪካ ሜይን ግዛት በሚገኘው በጃክሰን ላቦራቶሪ ነው። በ1949 እዚያ መብላት የማያቆሙና ከሌሎቹ እስከ ሦስት እጥፍ የሚመዝኑ አይጦች ተገኙ። ዳግላስ ኮልማን የተባለው የላቦራቶሪው ተመራማሪ ቆየት ብሎ የእነዚህን ወፍራም አይጦች የደም ዝውውር ከጤነኛ አይጦች ጋር በቀዶ ሕክምና ሲያገናኘው የወፍራሞቹ የምግብ ፍላጎት ቀነሰ። ከዚህ ተነሥቶ በጤነኛው አይጥ ደም ውስጥ «በቃ» የሚል መልእክት የሚያደርስ ነገር አለ ብሎ ደመደመ። ያ ነገር በእጅ እስኪያዝ ግን ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ። በ1994 በኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ዘረ መሉን አገኘው፤ ከዘረ መሉ የሚሠራው ሆርሞንም ሌፕቲን ተባለ። ሌፕቲንን የሚያመነጩት የስብ ሴሎች ራሳቸው ናቸው። ዝም ብሎ የተንጠለጠለ ሸክም አድርገን የምናየው ስብ፣ ያለውን መጠን ቀንና ሌሊት ለአንጎል ሲያሳውቅ ይውላል ማለት ነው።

መልእክቱን የሚቀበሉት ሴሎችም ዛሬ በስም ይታወቃሉ። በሃይፖታላመስ ውስጥ አርኩዌት ኒውክለስ በሚባል ሥፍራ ሁለት ዓይነት የነርቭ ሴሎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። አንደኞቹ ከሚያመነጩት ንጥረ ነገር ስም ተወስዶ ኤጂአርፒ ይባላሉ፤ እነሱ ሲነቁ ይርበናል። ሁለተኞቹ ፖምሲ ይባላሉ፤ የእነሱ መልእክት ጥጋብን ያመጣል። ሁለቱም የሚሠሩት ኤምሲ4አር በተባለ አንድ ተቀባይ ላይ ሲሆን፣ ፖምሲዎቹ ተቀባዩን ያነቁታል፣ ኤጂአርፒዎቹ ይዘጉታል። ሌፕቲን ከስብ ተነሥቶ በደም እዚያ ሲደርስ የረሃቦቹን ሴሎች ያበርዳል፣ የጥጋቦቹን ያበረታል፤ ሲያንስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ባዶ ጨጓራ የሚያመነጨውና በ1999 በጃፓን ሳይንቲስቶች የተገኘው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በበኩሉ የረሃብ ሴሎቹን ይቀሰቅሳል።

የእነዚህ ሴሎች ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ሙከራዎችን ማየት ይበቃል። በ2005 በጎልማሳ አይጦች አንጎል ውስጥ ኤጂአርፒ ሴሎች ብቻ ተለይተው እንዲሞቱ ሲደረግ አይጦቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ መብላት ተዉ። በ2011 ደግሞ እነዚያኑ ሴሎች በብርሃን ብቻ የሚያነቃ ዘዴ ጥቅም ላይ ዋለ፤ መብራቱ በበራ በደቂቃዎች ውስጥ በልተው የጠገቡት አይጦች ለቀናት እንደ ተራበ እንስሳ ምግቡ ላይ ተረባረቡ። የጠገበን እንስሳ በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ማስራብ ከተቻለ፣ «አፍሽን ግዢ» የሚለው ተግሣጽ የሚያነጣጥረው የተሳሳተ ቦታ ላይ መሆኑን ባለቤትዎም የሚያጡት አይመስለኝም።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ በ2015 የወጣው ውጤት ነው። ኤጂአርፒ ሴሎች ጸጥ የሚሉት ምግቡ ጨጓራ ውስጥ ከገባ በኋላ ሳይሆን ገና ሲታይና ሲሸተት፣ አንድ ጉርሻ ሳይቀመስ ነው፤ ምግቡ ካልተበላ ግን ተመልሰው ይነሣሉ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን እነዚህ ሴሎች የነቁበትን ቦታ አይጦቹ ከዚያ በኋላ እንደሚሸሹት አሳይቷል። ረሃብ እንግዲህ ምግብ መፈለግ ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ፣ የሚያስጨንቅ ስሜት ነው። ምሳ ያመለጠው ኃላፊ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል መሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ሁሉ ያውቀዋልና ለዚህ ብዙ ማስረጃ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ከ91 ወደ 76 ኪሎ ሲወርዱ ከክብደትዎ 16 በመቶ የሚሆነውን አጥተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሌፕቲን ይቀንሳል፤ ምግብ በጣም በተቀነሰባቸው ሳምንታት ደግሞ አወራረዱ ከስቡ አወራረድ የፈጠነ ነው። አንጎል ይህን የሚያነበው እንደ ድል ሳይሆን እንደ ክፉ ቀን ነው። ጎተራው ሲጎድል መስፈሪያውን አሳንሳ፣ ልጆቿንም እህል ፍለጋ እንደምትልክ የቤት እመቤት፣ ወጪውን ይቆጥባል፣ ገቢውን ደግሞ በረሃብ ያስፈልጋል። ቁጠባው ሰውነት በዕረፍት ላይ የሚያቃጥለው ኃይል መቀነሱ ሲሆን፣ ፍለጋው ደግሞ እርስዎን ከሌሊት እንቅልፍዎ ያስነሣው ነገር ነው።

ይህ በአይጥ ብቻ የታየ ነገር አይደለም። በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 50 ወፍራም ሰዎችን ለ10 ሳምንታት ጥብቅ የአመጋገብ ሥርዓት አስይዞ በአማካይ ከ13 ኪሎ በላይ አስቀንሷቸው ነበር። ዓመት ከሞላ በኋላም ቢሆን የረሃብና የጥጋብ ሆርሞኖቻቸው ወደ ቀድሞው አልተመለሱም፤ የሚሰማቸው ረሃብም ሥርዓቱን ከመጀመራቸው በፊት ከነበረው ይበልጥ ነበር። በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት በአሜሪካ በቴሌቪዥን በተላለፈ የክብደት መቀነስ ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎችን ከ6 ዓመት በኋላ መርምሮ፣ ሰውነታቸው በዕረፍት ላይ የሚያቃጥለው ኃይል ለመጠናቸው ከሚጠበቀው በቀን በአማካይ 500 ካሎሪ ገደማ እንደሚያንስ አገኘ። በዚያው ዓመት የተሠራ ስሌት ደግሞ አንድ ኪሎ በተቀነሰ ቁጥር የሰውነት ወጪ በቀን ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ሲወርድ፣ የምግብ ፍላጎት ግን ወደ 100 ካሎሪ እንደሚጨምር ገመተ። ስሌቱ የተሠራው ጥቂት ኪሎ ብቻ በቀነሱ ሰዎች ላይ ስለሆነ በ15 ኪሎ አያባዙት፤ ቁም ነገሩ ትግሉ በይበልጥ ከረሃብ ጋር መሆኑ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ የምሰጠው መልስ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም የሚል ነው። ሰባት ወር ሙሉ በቀን አንዴ እየበላ ቢሮ የዋለና ልጅ ያሳደገ ሰው የጎደለው ነገር ካለ ፈቃደ ጽናት አይደለም። እርስዎን የጎዳዎት የመረጡት ዘዴ ነው፤ ያንን ዘዴ ደግሞ አገር ምድሩ ሁሉ አመስግኖልዎታል።

«ታዲያ ዛሬ 94 ኪሎ ሆኜ፣ ሌፕቲኔም በዝቶ፣ ለምን አልጠግብም?» ቢሉኝ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት ባላቸው በአብዛኞቹ ሰዎች ደም ውስጥ ሌፕቲን ሞልቶ ሳለ አንጎል ለመልእክቱ የሚሰጠው ምላሽ የደከመ ነው እልዎታለሁ። ለዚህ ነው ሌፕቲንን በመርፌ መስጠት ለብዙኃኑ ያልጠቀመው። የሚጠቅመው ሌፕቲን ከነጭራሹ ለሌላቸው እጅግ ጥቂት ሰዎች ነው። በ1997 በእንግሊዝ አገር የተገለጹት ሁለት የአክስትና የአጎት ልጆች እንዲህ ያሉ ነበሩ፤ ታላቅየዋ ልጅ በ8 ዓመቷ 86 ኪሎ ትመዝን ነበር። የጎደላት ሆርሞን በመርፌ መሰጠት ሲጀምር የምግብ ፍላጎቷ ረገበ፣ ክብደቷም ወረደ። የልጅቱ ጠባይ ትናንት የነበረው ነው፤ የተጨመረላት ሆርሞን ብቻ ነው። ባለቤትዎ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህንን ያሳዩልኝ።

የባልደረባዎ መደምደሚያ ስህተት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሰዎች መካከል ከሚታየው የክብደት ልዩነት ከ40 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው በዘር የሚወረስ መሆኑን ያመለክታሉ። ይሁን እንጂ የሰው ዘረ መል በአንድ ትውልድ አይለወጥም፤ በዓለም ላይ የወፍራም ሰዎች ቁጥር ግን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ብቻ እጅግ ጨምሯል። የተለወጠው ሴሎቹ የሚኖሩበት አካባቢ ነው። በ2019 በአሜሪካ የብሔራዊ ጤና ተቋማት 20 ሰዎች ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ በእጅጉ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ቤት ውስጥ እንደሚበሰል ያለ ምግብ እስኪጠግቡ እንዲበሉ ተደርጎ ነበር። የቀረበው ስኳር፣ ስብና ጨው ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ፣ የፋብሪካውን ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ጨምረው በሉ፣ አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ክብደትም ጨመሩ። ያው ሰው፣ ያው አንጎል፣ ሌላ ገበታ ነው። ሴሎቹን በቁጣ ማዘዝ አይቻልም፤ የሚደርሳቸውን ነገር ግን መለወጥ ይቻላል።

ምግብዎን ከመንካትዎ በፊት ሐኪም ይዩ። ምክንያት አለኝ። ከሁለተኛ ልጅዎ በኋላ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሦስት ወር መርፌ የሚወስዱ ከሆነ፣ ይህ መርፌ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት እንደሚጨምር የታወቀ ነው፤ ሌላ ዓይነት መምረጥ ይቻላልና ሳያማክሩ በራስዎ ብቻ አያቋርጡት። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የእንቁላል ማምረቻ አካል የሆርሞን መዛባት፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችና አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም ክብደት ይጨምራሉ። የደም ግፊትዎን፣ የስኳር መጠንዎንና የታይሮይድ ምርመራዎን በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ወይም በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ያሠሩ፤ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ይዘው ይሂዱ። ሌሊት ተነሥቶ መብላቱ አሁንም በሳምንት ደጋግሞ የሚመጣ ከሆነ ሳያፍሩ ይንገሯቸው፤ በሕክምና የሚታወቅና የሚታከም ችግር ነው።

ግብዎን ደግሞ ዝቅ ያድርጉት። 76 ኪሎን ለጊዜው ይርሱት። በ2002 ውጤቱ የታወቀው አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት የደም ስኳራቸው ከፍ ያለ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ አድርጎ፣ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸውን በ58 በመቶ ቀንሶላቸዋል። ለእርስዎ 7 በመቶ ማለት 6 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፤ ከ94 ወደ 87 ወይም 88 መውረድ ማለት ነው። ይህን በስድስት ወር ቢያደርሱትና ለሚቀጥለው ስድስት ወር ሳይጨምሩ ቢቆዩ፣ በሰባት ወር 15 ኪሎ ከመቀነስ የበለጠ ሥራ ሠርተዋል እልዎታለሁ። መንደሩ ላያመሰግንዎት ይችላል፤ የደም ግፊትዎና ስኳርዎ ግን ይናገራሉ።

በቀን አንድ ጊዜ መብላቱን ይተዉት። ለእርስዎ እንዳልሆነ አይተውታል። የሚጾሙ ከሆነም ከጾሙ ሰዓት ውጭ ያለውን ምግብ በሁለት ወይም በሦስት ይክፈሉት እንጂ አንድ ላይ አያከማቹት። ጠዋት ፓስቲ በጣፋጭ ሻይ ጠጥቶ ቢሮ መግባት ለረሃብ ሴሎች የተመቸ ቁርስ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይቀሰቀሳሉ። በእሱ ፈንታ እንቁላል፣ ፉል ወይም የባቄላ ንፍሮ ይብሉ፤ ፕሮቲንና አሠር ያለው ምግብ ጥጋቡ የሚቆይ ነው። በምሳ ከእንጀራው ይልቅ ምስሩንና ጎመኑን ያብዙ። አሹቅ ወይም ቆሎ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡ፣ ብስኩቱን ግን ከቤትም ከቢሮም ያርቁ። ምግብ ገና ሲታይ አንጎል እንደሚንቀሳቀስ ከላይ አይተናልና፣ ማታም መሶቡ ከእራት በኋላ ከሳሎን ይነሣ።

ከሁሉ በላይ የሚረሱት ሁለት ነገሮች ዘይትና የቡናው ስኳር ናቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ለአራት ሰው በሚሠራ ሽሮ ውስጥ ሲንቆረቆር ግን ማን ይለካዋል? ለአንድ ሳምንት ከጠርሙሱ ሳይሆን በማንኪያ እየለኩ ጨምሩና ልዩነቱን ተመልከቱ። ቡናን በተመለከተ ጅማ ተቀምጬ ቡና ተዉ የሚል ምክር ለመጻፍ ድፍረቱ የለኝም፤ አያስፈልግምም። ከአቦል እስከ በረካ ሦስቱን ስኒ በሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ሲጠጡ ወደ 100 ካሎሪ ይሆናል፤ ቡናው በቀን ሁለት ጊዜ ከተፈላ ደግሞ 200። ማንኪያውን በየሁለት ሳምንቱ በግማሽ ይቀንሱት፣ ምላስ ይለምዳል። ለስላሳ መጠጥ ግን በጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ስለሚይዝ ከቤት ቢወጣ ይሻላል።

በእግር መሄድ ብቻውን ብዙ ኪሎ አይቀንስም፤ የቀነሱትን ክብደት ይዞ ለመቆየትና ጡንቻ እንዳይሟሽሽ ግን ይረዳል። ወደ ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን አቀበት ቅዳሜና እሑድ፣ በሥራ ቀን ደግሞ ከቢሮ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ በከፊል በእግር ቢያደርጉት 150 ደቂቃው ይሞላል። በክረምቱ ዝናብ ወራት ቤት ውስጥ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ከወንበር ተነሥቶ መቀመጥም ይቆጠራል።

የባለቤትዎ ወንድም ስለ ጫት የነገሩዎት ከመሬት ተነሥቶ የተባለ ነገር አይደለም፤ አደጋውም እሱ ላይ ነው። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል አነቃቂ ሲሆን፣ ለተወሰኑ ሰዓታት ረሃብን ያጠፋል፣ ጨጓራም ምግቡን ቶሎ እንዳይለቅ ያደርጋል። ሰዓቱ ሲያልፍ ግን ረሃቡ ይመለሳል። በመሐሉ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራሉ፤ ከጫቱ ጋር ለስላሳውና ኦቾሎኒው አይቀርም፣ አንዳንዱ ደግሞ ለጨብሲ ቢራ ይጨምርበታል። የከፋው ግን እንቅልፍ ማጣቱ ነው። በ2004 በታተመ ጥናት ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲደረግ፣ አሥር ሰዓት ከተኙበት ጋር ሲነጻጸር ሌፕቲናቸው በ18 በመቶ ቀነሰ፣ ግሬሊናቸው በ28 በመቶ ጨመረ። ጫት ከሰዓት በኋላ የዘጋውን ረሃብ ሌሊቱ መልሶ ይከፍተዋል፤ ሌሊት መሶብ ለሚከፍት ሰው ደግሞ ይህ የባሰ ነው። ይቅርብዎ።

መርፌውን በተመለከተ ነገሩን ለሁለት ልክፈለው። ሴማግሉታይድን የመሳሰሉት መድኃኒቶች ማታለያ አይደሉም። አንጀት ከምግብ በኋላ የሚያመነጨውን ጂኤልፒ-1 የተባለ ሆርሞን አስመስለው የተሠሩ ሲሆኑ፣ በአንጎል ግንድና በሃይፖታላመስ ውስጥ ያሉ ሴሎችን ነክተው ፍላጎትን ያበርዳሉ። በ2021 በወጣው ዋነኛ ሙከራ ተጠቃሚዎች በ68 ሳምንታት ከክብደታቸው 15 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል፤ መርፌውን ሲያቆሙ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል። ለምን እንደሆነ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ይነግርዎታል፤ መርፌው ሴሎቹን ያበርዳል እንጂ አይለውጣቸውም። ስለዚህ የጥቂት ወር መፍትሔ ሳይሆን ረጅም ጊዜ የሚወሰድ፣ ዋጋውም በዚያው ልክ የሚታሰብ ሕክምና ነው። ማቅለሽለሽና ማስመለስ የተለመዱ ናቸው፤ የቆሽት መቆጣትም አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ለማርገዝ ያሰበች ሴት ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ማቆም አለባት።

ሁለተኛው ክፍል ሻጩ ነው። ከእሱ አይግዙ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ስለ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። መድኃኒቱ የሚሸጥበት ብዕር መሰል መርፌ እውነተኛው እንኳ ከመጀመሪያው አገልግሎት በፊት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ያለበት ሲሆን፣ በከረጢት ተይዞ በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ ጅማ የደረሰ መርፌ ስንት ሰዓት ሙቀት እንደ ጠጣ ማንም አያውቅም። ሐኪምዎ ከምርመራ በኋላ ይህ መድኃኒት ይገባዎታል ካሉ፣ በሐኪም ማዘዣ፣ ከታወቀ ፋርማሲ፣ የመድኃኒት ባለሥልጣኑ የመዘገበው መሆኑን ጠይቀው ይግዙ። ይህን የሚያህል ነገር በስልክ መልእክት አይገዛም።

ስለ ልጅዎ የምጽፈው አጭር ነው። ሕፃናት ገና ሲወለዱ እንኳ የስብ መጠናቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ እዚሁ ጅማ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ የአራስ ሕፃናትን ስብ ከሌላው የሰውነት ክብደት ለይቶ እየለካ አስተዳደጋቸውን የሚከታተል ጥናት ሲካሄድ ቆይቷል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ በመብል መቀጣት የለባትም፤ ቁመቷ ገና ስለሚጨምር ክብደቷ ባለበት ቢቆይ ብቻ ትልቅ ለውጥ ነው። በቤት ውስጥ የሚደረገው ለውጥ ለሁሉም ይሁን፤ ለስላሳው ከቤት ከወጣ ለአባትየውም ይውጣ። በሳህኗ ላይ ወይም በሰውነቷ ላይ ማንም አስተያየት እንዳይሰጥ፣ በተለይ «እንደ እናትሽ» የሚለው ቃል ከቤታችሁ እንዲጠፋ፣ ከባለቤትዎ ጋር ዛሬውኑ ይነጋገሩ። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ እሷንም ይዘዋት ይሂዱና ቁመቷና ክብደቷ ለዕድሜዋ ከተዘጋጀው ሰንጠረዥ ጋር እንዲተያይ ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ በየስድስት ወሩ ማስለካት ይበቃል፤ ቤት ውስጥ በየሳምንቱ ሚዛን ላይ ማቆም አያስፈልግም።